ማጫወቻው ምንም አልሆነም፤ ሥራው ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ለአባቴ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ገዛሁላቸው። ስልክ ላይ ዘፈን መፈለግ ያማርራቸዋል። 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ አብሬ ገዝቼ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ዘፈን ሁሉ ገለበጥኩበት። አሁን ግን የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ተዘበራርቋል። አንዱ አልበም አምስት ቦታ ተበጣጥሶ ይታያል። ግማሹ ዘፈን ‹ያልታወቀ ድምፃዊ› ይላል። በአማርኛ የተጻፈው ርዕስ ባዶ ሳጥን ሆኗል። አንዱ ዘፈን ይጮሃል፣ ቀጣዩ አይሰማም። ዕቃውን ልመልሰው? ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት?»

ገና አይመልሱት። ከዘረዘሯቸው ችግሮች ውስጥ ማጫወቻው መበላሸቱን የሚያሳይ አንድም የለም። ስልክ ብዙ ነገር ስለሚሠራልን ለምደነዋል። ኢንተርኔት ገብቶ የዘፋኙን ስም ይፈልጋል፣ የአልበሙን ሽፋን ያመጣል፣ የጎደለውን ይሞላል። ትንሹ ማጫወቻ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። የሰጡትን ያነባል፣ ያነበበውን ያሳያል፣ በቃ። ስለዚህ ዘፈኖቹን ወደ ካርዱ ከመላክዎ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽዎትም። ግን አንዴ ከተሠራ አልቋል።

ከካርዱ እንጀምር። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት በሚባል አሠራር ፎርማት ተደርገው ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ደግሞ ፋት32 የሚባለውን የቆየውን ብቻ ነው። የእርስዎ ካርዱን አንብቦ ዘፈን ስለሚያጫውት እዚህ ላይ ችግር የለብዎትም። ሌላ ካርድ ሲገዙና «ካርድ የለም» ሲልዎት ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፎርማት ሲሉ ለትልቅ ካርድ ፋት32 የሚለውን ምርጫ ላያገኙት ይችላሉ። ማጫወቻው ሜኑ ውስጥ «ፎርማት» የሚል ካለው በእሱ ያድርጉት፣ የሚስማማውን እሱ ራሱ ያውቃል። ፎርማት ማድረግ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይርሱ።

64 ብለው የገዙት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ 59 ጊጋባይት ብሎ ቢታይዎት አልተታለሉም። ካርድ አምራቾች በ1,000 ነው የሚቆጥሩት፣ ዊንዶውስ በ1,024። መታለል ማለት ሌላ ነው። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ ካርድ አለ። ኮምፒውተሩም የተጻፈውን ቁጥር አምኖ ያሳያል። ዘፈን ሲገለብጡበት ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል። ከዚያ መጀመሪያ የገቡት ዘፈኖች ይጫወታሉ፣ በኋላ የገቡት መሃል ላይ ይቆማሉ ወይም ጭራሽ አይከፈቱም። ሰው ማጫወቻውን ይራገማል፣ ጥፋቱ ግን የካርዱ ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ፣ እውነተኛ መጠኑን ይነግርዎታል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ግን አዲስ ካርድ ላይ ዘፈን ከመጫንዎ በፊት ቢያደርጉት ይመከራል።

የማጫወቻውን ጤንነት ለማወቅ ከፈለጉ አጭር መንገድ አለ። ካርዱን ያውጡ። ማጫወቻው የራሱ ውስጣዊ ሚሞሪ ካለው አንድ በደንብ የሚሠራ የኤምፒ3 ፋይል እዚያ ላይ ብቻ ይጫኑ። እሱ ያለችግር ከጀመረና ከጨረሰ ዕቃው ጤነኛ ነው። ካርዱ ወጥቶ እንኳ የሚቆራረጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ደረሰኝዎን ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ማጫወቻዎ ሜኑ ውስጥ ሁለት መንገድ ሳይኖረው አይቀርም። አንዱ «ፎልደር» የሚለው ነው። ሌላው «ሙዚቃ» ብሎ ድምፃዊ፣ አልበም፣ የዘፈን ዓይነት እያለ የሚከፋፍለው። ሁለቱ የሚያነቡት ነገር ጨርሶ የተለያየ ነው። በፎልደር ሲገቡ የሚታየው የፋይሉ ስም ነው። በሙዚቃ ሲገቡ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው መረጃ፣ ታግ የምንለው ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ስም ያስተካክልና በሙዚቃ በኩል ገብቶ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። አልተለወጠማ፣ ሌላ ቦታ ነው ያስተካከለው።

በፎልደር በኩል የሚዘበራረቀው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አጻጻፍ ነው። ፋይሎቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 12 ቢሄዱ ብዙ ማጫወቻ 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ ከዚያ 2 ብሎ ይደረድራቸዋል። 01፣ 02፣ 03 ብለው ከጻፉ ይህ ይጠፋል። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻ ስሙን ጭራሽ አያይም። ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በገቡበት ተራ ነው የሚያጫውተው። ብዙ ፋይል መርጠው በማውስ ጎትተው ሲለቁ ደግሞ በማውሱ የያዙት ፋይል ቀድሞ ሊገባ ይችላል። አምስተኛውን ዘፈን ይዘው ከጎተቱ አልበሙ ከአምስተኛው ሊጀምር ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አልበም በአንድ ፎልደር አድርገው፣ የመጀመሪያውን ፋይል ይዘው ይጎትቱ። ይህ አድካሚ ከሆነብዎ ድራይቭሶርት ወይም ፋትሶርት የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱ ላይ ያለውን ተራ በስም ያስተካክላሉ፣ ዘፈኖቹን እንደገና መገልበጥ አያስፈልግዎትም። ምናልባት ከዚህ ሁሉ በፊት ሻፍል የሚለው፣ ዘፈኖችን ሆን ብሎ እያዘበራረቀ የሚያጫውተው፣ በርቶ እንደሆነ ይዩ። አይሳቁ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ታጉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ከጥያቄዎ አብዛኛው የሚፈታው እዚህ ነው። የኤምፒ3 ታግ አይዲ3 ይባላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣ ሲሆን ፋይሉ ጭራ ላይ የሚለጠፍ 128 ባይት ብቻ ነበር። ለርዕስ 30 ፊደል፣ ለድምፃዊ 30፣ ለአልበም 30። የድሮ ፋይሎች ላይ ርዕሱ መሃል ላይ ተቆርጦ የሚታየው ለዚህ ነው። በኋላ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ልብ ይጻፍበታል፣ የሽፋን ሥዕልም ይይዛል። ከሁለተኛው ትውልድ ውስጥ 2.3 እና 2.4 የሚባሉ አሉ። 2.4 አዲሱ ነው፣ ግን ብዙ ትናንሽ ማጫወቻዎች በደንብ የሚያነቡት 2.3ን ነው። አዲስ ስለሆነ ይሻላል ብለው አይምረጡ።

ለዚህ ሥራ ኤምፒ3ታግ የሚባለውን ፕሮግራም እመክራለሁ። ዊንዶውስ ላይ ነፃ ነው። ሲከፍቱት ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ታግስ፣ ከዚያ ኤምፔግ ይግቡና አጻጻፉን አይዲ3ቪ2.3 ከዩቲኤፍ-16 ጋር የሚለው ላይ ያድርጉት። ከዚያ አንድ የአልበም ፎልደር ይክፈቱበት። ዘፈኖቹ በሰንጠረዥ ይደረደራሉ፣ በግራ በኩል ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ አልበም፣ ዓመት፣ ተራ ቁጥር የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ሁሉንም ዘፈን በአንዴ መርጠው የአልበሙን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ። ሴቭ ሲሉ ለሁሉም ይገባል። «ያልታወቀ ድምፃዊ» የሚለው ይህ ሳጥን ባዶ ስለሆነ ነው የሚመጣው። የፋይሉ ስም ላይ የዘፋኙ ስም ተጽፎ ቢሆን እንኳ ማጫወቻው አያየውም። ደስ የሚለው፣ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ወደ ታግ የሚገለብጥ መሣሪያ አለው። ፋይሎችዎ «ድምፃዊ - ርዕስ» በሚል መልክ ከተሰየሙ ብዙ ዘፈን በአንድ ትእዛዝ ይሞላል።

አምስት ቦታ የተበጣጠሰው አልበም ጉዳይም የታግ ነው። ድምፃዊ በሚለው ቦታ ላይ አንዱ ዘፈን «እገሌ» ይላል፣ ሌላው «እገሌ ከእገሊት ጋር» ይላል። ማሽኑ እነዚህን ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። የእኛ ፊደል ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ ለእኔና ለእርስዎ አንድ ሰው ነው። ለማጫወቻው ሦስት ድምፃዊ ነው። ፀ እና ጸ፣ ሠ እና ሰ፣ ዓ እና አ ያሉበት ስም ሁሉ እንዲሁ። አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና ሁሉም ዘፈን ላይ እሱን ያድርጉ፣ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ያቆዩት። ከስሙ መጨረሻ ላይ በስህተት የገባ ባዶ ቦታም ያው ጣጣ ያመጣል፣ ደግሞ በዓይን አይታይም። ከዚህ ሌላ «አልበም አርቲስት» የሚባል ሳጥን አለ። የአልበሙን ባለቤት እዚያ ላይ ለሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት አድርገው ይሙሉ። የብዙ ሰው ሥራ የተሰበሰበበት ከሆነ «የተለያዩ ድምፃውያን» ይበሉት።

በአማርኛው ርዕስ ፋንታ ወደሚታዩት ባዶ ሳጥኖች እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያየ በሽታ አለ። ርዕሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። በድሮው የታግ አጻጻፍ ሴቭ ሲደረግ የእኛን ፊደል መያዝ ስለማይችል ጥሎታል። ኮምፒውተሩም ላይ የጥያቄ ምልክት ከሆነ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መፍትሔ የለም። ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን ጽሑፉ ደህና ነው። ማጫወቻው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አልተጫነም፣ ያ ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፣ ግን ትንሽ ስክሪን ያለው ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ የማይሸጡበትን ቋንቋ ፊደል ይተዉታል። አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም ማጫወቻውን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም፣ ካለ ይሞክሩት። ሲጭኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ መሃል ላይ ኬብሉን እንዳይነቅሉ፣ የሞዴሉ ቁጥር አንድ ፊደል እንኳ ቢለይ አይጫኑ።

ፈርምዌሩ ካልፈታው ሰው ሁሉ የሚሰጥዎት ምክር በላቲን ፊደል ይጻፉት የሚል ነው። ይሠራል። ግን አባትዎ በላቲን የተጻፈ አማርኛ ሲያነቡ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም። እኔ የምመርጠው የአልበሙን ሽፋን መጠቀም ነው። ሽፋኑ ሥዕል ስለሆነ የፊደል ቅርጽ አይፈልግም። ላዩ ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም በአማርኛ አለ፣ እሳቸውም በዓይናቸው ያውቁታል። ኤምፒ3ታግ ላይ ከታች በግራ ያለችው ካሬ ላይ ሥዕሉን ጎትተው ይጣሉት። መጠኑ 500 በ500 ፒክስል ይበቃል። ዓይነቱ ጄፔግ ይሁን፣ ግን ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ዓይነት እንዳይሆን። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ ሥዕሎች እንዲህ ተደርገው የተቀመጡ ናቸው፣ ትናንሽ ማጫወቻዎች ደግሞ አይከፍቷቸውም። ሥዕሉን ፔይንት ላይ ከፍተው እንደገና በጄፔግ ሴቭ ቢያደርጉት ይስተካከላል።

አንዱ ዘፈን መጮሁና ሌላው አለመሰማቱ ከየአልበሙ የቀረጻ ዘመንና ምርጫ የመጣ ነው። ማጫወቻው ሪፕሌይጌይን የሚል፣ የዘፈኖችን ድምፅ የሚያመጣጥን ሴቲንግ ካለው ያብሩት፣ ዘፈኖቹንም ፉባር2000 በሚባል ፕሮግራም ያስለኩ። ከሌለው ኤምፒ3ጌይን የሚባል ፕሮግራም ጥሩ ነው። እሱ ዘፈኑን እንደገና አይቀዳም፣ አይጨምቅም። ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ የድምፅ መጠን ቁጥር አለው፣ እሱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ለውጡ በ1.5 ዴሲቤል እርምጃ ነው፣ ካልወደዱት ወደነበረበት መመለስም ይቻላል። ሲጀመር 89 ዴሲቤል ላይ ተደርጎ ይመጣል፣ አይንኩት። አልበም ላይ ሲሠሩ «አልበም ጌይን» የሚለውን ይጠቀሙ። ያኔ ሆን ተብሎ ለስለስ ተደርጎ የተቀረጸው ዘፈን ለስላሳነቱ ይጠበቅለታል።

ስለ ፋይል ዓይነት አልጠየቁኝም፣ ግን ካርዱን እንደገና የሚሞሉ ከሆነ ይጠቅምዎታል። ለእርስዎ ጉዳይ ኤምፒ3 በቂ ነው። የማያነበው ማጫወቻ የለም። በ320 ኪሎቢት በሰከንድ የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይይዛል። አራት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን ወደ 9.6 ሜጋባይት ነው፣ 64 ጊጋባይት ላይ ከ6,600 በላይ ይገባል። አንዳንድ ማጫወቻ ግን በዝርዝሩ የሚይዘው የዘፈን ቁጥር ወሰን ስላለው መመሪያውን ይዩ። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ከሲዲው ምንም ሳይቀንስ ነው የሚጨምቀው፣ ቦታም በዚያው ልክ ይፈጃል። ሲዲ ካለዎት በፍላክ ቀድተው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡ፣ ለማጫወቻው ከእሱ ኤምፒ3 ያውጡ።

የማያዋጣው ከታች ወደ ላይ መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዳይመንድ ሪዮ የሚባል ማጫወቻ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበረው። በ128 ኪሎቢት ሲሞላ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ዘመን የተቀዱ ዘፈኖች ለዚህ ነው የተጨመቁት። ያንን የድሮ ፋይል ወደ 320 ቢቀይሩት ፋይሉ ይፋፋል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመለስም። እንደውም እንደገና ስለተጨመቀ ትንሽ ይጎዳል። እንዳለ ይተዉት። ከስፖቲፋይና ከመሰሎቹ ስልክዎ ላይ ያወረዱት ደግሞ ከመተግበሪያው ውጪ አይከፈትም፣ በካርድ ሊወስዱት አይሞክሩ።

ኮምፒውተርዎ ማክ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋር ስሙ በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ድብቅ ፋይል ካርዱ ላይ ይጽፋል። ማጫወቻው ዘፈን መስሎት ይዘረዝረዋል፣ ሲከፍቱት አይሠራም። አጥፍተው ይገላገሉ።

ዘፈኑ ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ካርዱን ዝም ብለው አይንቀሉ። ዊንዶውስ ላይ «ኢጀክት» ይበሉ። ማጫወቻው መጀመሪያ ሲከፈት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እያነበበ ዝርዝሩን ይሠራል፣ ብዙ ሺህ ከሆኑ ደቂቃዎች ይፈጃል። ደረቀ ብለው እንዳያጠፉት። እዚያው ላይ በእርግጥ ደርቆ ከቀረ ግን አንድ የተበላሸ ፋይል አለ። ግማሹን ዘፈን ያውጡና ይሞክሩ፣ ችግሩ ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈሉ። እንዲህ እያሉ ቶሎ ይደርሱበታል።

ለአባትዎ ሲያስረክቡ ሴቲንጉን እርስዎ ጨርሰው ይስጧቸው። ሻፍል ይጥፋ። «ካቆመበት ቀጥል» የሚለው ይብራ። የስክሪኑ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ፣ ትንሽ ሜኑ ለማንበብ ጊዜ ያስፈልጋል። ቁልፍ መቆለፊያውን ያሳዩአቸው፣ ኪስ ውስጥ እየተነካ ዘፈን እንዳይቀይርባቸው። የድምፅ ገደብ ካለው በ60 በመቶ አካባቢ ይወስኑት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፣ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። «አይጠራም» ካሉዎት ድምፁን ከመጨመር ኢኳላይዘሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ላይ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉላቸው። ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ የሚዘጋ ማዳመጫም ድምፅ መጨመርን ያስቀራል።

ባትሪው ሊቲየም ነው። ጨርሶ ባዶ ሆኖ ወራት ከተቀመጠ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይጠቀሙበት የሚያስቀምጡት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ያኑሩት። ሙቀትም ይጎዳዋል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። በስልክ ቻርጀር መሙላት ይቻላል። የመሙያ ቀዳዳው ታይፕ ሲ ሆኖ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል አልሞላ ካለ አይደንግጡ። አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ላይ ቻርጀሩ እንዲያውቀው የሚያደርጉት ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮች ይቀራሉ። አንዱ ጫፍ የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ የሆነውን ኬብል ይጠቀሙ፣ ይሞላል።